ስለ ዋክስ ጨርቅና ስለ ሌሎች የአፍሪካ ቀን ስህተቶች

ግንቦት 17 በመጣ ቁጥር ቢሮው ሁሉ «የአፍሪካ ልብስ ለብሳችሁ ኑ» ይላል፣ ከዛ ያው ወሬ ይጀመራል። ታሪክ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ይሄን ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም።

«በቆሎና ካሳቫ የአፍሪካ ጥንታዊ ምግብ ናቸው።» ሁለቱም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጡት፣ ያውም ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 እዛ ከደረሰ በኋላ።

«የአፍሪካ ባንዲራ ሁሉ ቀለሙን ከኛ ነው የወሰደ።» ጋና አዎ፣ ኬንያ ግን ወደ ጃማይካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ወደ ማርከስ ጋርቬይ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ነው የምትሄደው።

«ዋክስ (ያ ደማቅ ቀለም የታተመበት የጥጥ ጨርቅ) ከጥንት ጀምሮ የአያቶቻችን ልብስ ነው።» ኧረ ተዉ! ጠርዙ ላይ በላቲን ፊደል «ደች ዋክስ» የሚለውን አላያችሁም እንዴ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች የጃቫን ባቲክ (በሰም እየተሸፈነ በእጅ የሚነከር ጨርቅ) በሰም ፋንታ ሙጫ ተጠቅመው በማሽን አስመስለው እዛው ኢንዶኔዢያ ሊሸጡት ነበር የለፉት፣ ማሽኑ ላይ ሙጫው እየተሰነጠቀ ቀለሙ በስንጥቁ ሲገባ ጨርቁ ጅማት ጅማት ሰራ፣ ጃቫዎች አልወደዱትም። ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ሲደርስ ግን ሰው ተሻማበት። በኋላ ደግሞ የሎሜ (የቶጎ ዋና ከተማ) ነጋዴ ሴቶች ለየዲዛይኑ ስም እያወጡ፣ የትኛው እንደሚሸጥ ለፋብሪካው እየነገሩ፣ ጨርቁን የራሳቸው አደረጉት፣ ከትርፉ መርሴዲስ ስለገዙም «ናና ቤንዝ» ተባሉ። ይሄን ስነግራት አንዷ ባልደረባዬ «በቃ ፌክ ነዋ!» ብላ ቀሚሷን ልትጥል። ማን ፌክ አለሽ? ከመቶ ዓመት በላይ ተሰርጎበት ተለቅሶበት የአፍሪካ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? የአህጉር ባህል'ኮ እንዲህ ነው የሚሰራው፣ ከመጣው ላይ እየመረጡ፣ እየሰየሙ፣ እየቀየሩ። በነገራችን ላይ ስትገዙ ገልብጡት፣ እውነተኛ ዋክስ ፊቱም ጀርባውም ቀለሙ እኩል ነው፣ ጀርባው ከደበዘዘ የዋክስ ዋጋ እንዳትከፍሉ። በእጅ የተሸመነ ነው የምንፈልገው ካላችሁ የጋናዎቹን አሻንቲዎች ኬንቴ ወይ የኛኑ የዶርዜ ሸማ ልበሱ።

«አፍሪካዊነት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ።» ያኔ 32 ሀገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ እንጂ ሀሳቡማ ሽማግሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ የፓን አፍሪካ ኮንፈረንስ የጠራው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊሊያምስ የትሪኒዳድ (የካሪቢያን ደሴት) ሰው ነው። ሀሳቡ ከባህር ማዶ መነሳቱ አይገርምም፣ ምክንያቱም አያቱ በባርነት ተሽጦ መንደሩንም ጎሳውንም ያጣ ሰው የቀረለት ስም «አፍሪካዊ» ብቻ ነበር፣ ሀገር ቤት ያለው ሰው ግን ገና አሻንቲ፣ ዮሩባ፣ ኪኩዩ ነኝ ነው የሚለው። የጋናው ንክሩማና የኬንያው ኬንያታ ማንችስተር ላይ በፓን አፍሪካ ኮንግረስ የተገናኙት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በ1900ው ጉባኤ አጤ ምኒልክን ወክሎ የተገኘው ራሱ የሄይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ነበር።