ሃሉሲኖጅንና የደም ግፊት፦ ሴሮቶኒን ምን አገባው?

ሃሉሲኖጅን ማለትም ቅዠት የሚያመጣ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ኤልኤስዲ ወይም ሲሎሳይቢን ያለበት እንጉዳይ፣ የወሰደ ሰው ግድግዳው ሲተነፍስ ያያል፣ ቀለሙ ይንቀሳቀስበታል። ይህን ሁሉም ያወራዋል። በዚያው ሰዓት ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያ ቢታሰር ግን ቁጥሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይገኛል። የልቡ ምትም ይፈጥናል። የቅዠቱም የግፊቱም ሥሩ ሴሮቶኒን የሚባለው፣ በሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰው ኬሚካል ላይ ነው።

ሴሮቶኒን ሲባል ቶሎ የሚታሰበን አእምሮና ስሜት ነው። አብዛኛው ያለው ግን አንጀት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ተሸክመውት ይዞራሉ፤ ስንቆስል ይለቁታል፣ የተጎዳው ደም ሥር ይጠባል። ተመራማሪዎች በ1948 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወጡትም ደም ሥር የሚያጠበው ምን እንደሆነ ሲያስሱ ነው። ስለ ደስታ ያሰበ አልነበረም።

ሴሮቶኒን የሚሠራው ሴሎች ላይ ባሉ ተቀባዮች በኩል ነው። ዓይነታቸው ከ10 ይበልጣል። ቅዠቱን በዋናነት የሚያመጣው 2ኤ የሚባለው ነው። ይኸው 2ኤ የደም ሥር ጡንቻ ላይም አለ። ሃሉሲኖጅኑ እዚያ ሲያርፍ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሰውየው ከደነገጠ ደግሞ አድሬናሊን ይታከልበታል።

ኬታንሰሪን የሚባለው መድኃኒት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለደም ግፊት የተሠራ ነው፤ 2ኤን ይዘጋል። (ግፊት የሚያወርደው አንድ የአድሬናሊን ተቀባይም ስለሚዘጋ ጭምር ነው።) ፈቃደኞች ከሲሎሳይቢን በፊት ሲሰጣቸው ቅዠቱ ሳይመጣ ቀረ። የግፊት ኪኒን ቅዠት አስቀረ ማለት ነው!

ጤነኛ ሰው ላይ ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ መጠነኛ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎችም እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከጥናታቸው የሚያስወጡት ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላኛው ተቀባይ፣ 2ቢ ነው። የልብ ቫልቭ ላይ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ከተነካካ የቫልቩ ሴሎች ይራባሉ፤ ቫልቩ ይወፍርና በደንብ መግጠም ያቅተዋል፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ፌንፍሉራሚን የተባለው የውፍረት መቀነሻ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከገበያ የወጣው በዚህ ጣጣ ነው። ኤልኤስዲም ሲሎሳይቢንም 2ቢን ይነካሉ። አንድ ጊዜ መውሰድ ለቫልቭ ብዙም አያሰጋ ይሆናል። ጥያቄው ያለው «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም» እያሉ ለወራት በሚደጋግሙት ላይ ነው።