የቢሮ ፓርቲሽን መልሶ መጠቀም ምንድን ነው?

አንድ ቅዳሜ ካዛንቺስ አምስተኛ ፎቅ ላይ የቢሯችን ፓርቲሽን፣ ማለትም ቢሮውን በክፍል የሚከፋፍለው ቀላል ግድግዳ፣ ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ኪራይ ስለተጨመረብን ወደ ስታዲየም አካባቢ ልንዛወር ነበር። ሁለት ልጆች መዶሻ ይዘው መጡ። መስታወቱ ረገፈ። ቺፑዱ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሠራው ሰሌዳ፣ ተሰነጠቀ። አሉሚኒየሙ ተጣሞ ለቁራሌው በኪሎ ተሸጠ። ሰኞ ዕለት ለአዲሱ ቢሮ ያንኑ ዓይነት ፓርቲሽን አዘዝን፣ በአዲስ ዋጋ። ያፈረስነው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ፓርቲሽን መልሶ መጠቀም የዚህ ተቃራኒ ነው። ሳይሰብሩ ይፈቱታል፤ ሌላ ቢሮ ወስደው እንደገና ፓርቲሽን አድርገው ይገጥሙታል። ብዙ ሰው ከሪሳይክል ጋር ያምታታዋል። ቁራሌው የወሰደው አሉሚኒየም ሪሳይክል ነው የሚሆነው፤ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እሱም ቢሆን ጥሩ ነው፤ አሉሚኒየምን ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲተያይ 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ግን በልክ የተቆረጠውና የተቀባው ፍሬም ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ሆነ፤ የሠራተኛው ድካም አብሮ ቀለጠ። የተሰባበረውን መስታወትና ቺፑድ ደግሞ ቁራሌውም ዞር ብሎ አያየው።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። አሮጌ ቤት ሲፈርስ በሩ፣ መስኮቱና ቆርቆሮው በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ያላየ የለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚኖረው በዚሁ ነው። ቢሮ ላይ ስንደርስ ግን «ያገለገለ» የሚለው ቃል ያሳፍረናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ሀፍረቱም የቀነሰ ይመስለኛል፤ አሉሚኒየም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው።

ሁሉም ፓርቲሽን እኩል አይፈታም። ቀላሉ አሉሚኒየም በመስታወት ነው። ጎማው ይሳባል፣ መስታወቱ ይወጣል፣ ቪቴው በካቻቢቴ ይፈታል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ተራ መስታወት በአልማዝ ተቆርጦ ለአዲሱ ቦታ ይስተካከላል። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ከሆነ ግን አይቆረጥም፤ ልቁረጥህ ቢሉት ሙሉው ብትንትን ይላል። ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ትንሽ ማህተም አለው። እሱን ካዩ መስታወቱን ለፍሬሙ ሳይሆን ፍሬሙን ለመስታወቱ ነው የሚያስተካክሉት።

ቺፑድ ጠላቱ ውሃ ነው። የጽዳት ውሃ ለዓመታት የነካው የታችኛው ጠርዝ አብጦ ይገኛል። ያበጠውን ቆርጦ የቀረውን አጠር ላለ ቦታ ማዋል ይቻላል። ጂፕሰም ቦርድ ላይ ግን ራሳችንን ባናታልል ይሻላል። ስቱኮ ተመርጎበት፣ ቀለም ተቀብቶ አንድ ግድግዳ ከሆነ በኋላ ሲነቀል ይሰባበራል። የሚተርፈው ውስጡ ያለው የብረት ፍሬም ነው። የተሰባበረው ጂፕሰም ቆሻሻ መጣያም ቢሄድ አየር በሌለበት ከሚበሰብስ ነገር ጋር ሲቀላቀል የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል።

ባለፈው ዓመት ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ስንዛወር መዶሻ አላስገባንም። «በግማሽ ቀን አፍርሰን እንገላግላችኋለን» አለኝ ሠራተኛው። መፍታቱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ የሁለት ቀን ሂሳብም ከፈልን። እያንዳንዱ ፍሬም ላይ በማርከር ቁጥር ጻፍን፤ ከመፈታቱ በፊትም ፎቶ አነሳን። ፎቶው ባይኖር ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር፤ ቁጥር 7 እና 9 መልካቸው አንድ ነው፣ ልካቸው ግን በሁለት ሳንቲ ይለያያል። አዲሱ ቢሮ ጣሪያው በ20 ሳንቲ ከፍ ይላል። ረጅም ፍሬም ይቆረጣል፤ አጭሩን ማን ያስረዝመዋል? ክፍተቱን በቺፑድ ሞልተን ቀባነው። እስካሁን የጠየቀን እንግዳ የለም።

አስቸጋሪው ማስቀመጫ ነው። መሀል ከተማ ፓርቲሽን ለሦስት ወር የሚያስቀምጥ ቦታ ቢገኝ እንኳ ኪራዩ ከዕቃው ይበልጣል። ስለዚህ ከአንዱ ቢሮ ወርዶ በዚያው መኪና ሌላው ቢሮ መግባት አለበት። ከዚህም የሚሻል አለ፤ አለማንቀሳቀስ። ብዙ ውል «ቢሮውን በተረከባችሁበት ሁኔታ አስረክቡ» ይላል። የሚወጣው ተከራይ ፓርቲሽኑን ለሚገባው ቢሸጥለትና አከራዩ ቢስማማ ግን መኪናም ሠራተኛም አያስፈልግም። ሲዋዋሉ ይህችን አንድ መስመር ማስገባት ነው።

በቀደም ለስብሰባ ክፍላችን ተጨማሪ ፓርቲሽን ስናዝ ለአሉሚኒየም ሠራተኛው ሦስት ነገር ነገርኩት። መስታወቱ በሲልከን ሳይሆን በጎማ ይያዝ። ፍሬሞቹ በተቻለ መጠን አንድ ልክ ይሁኑ። የቪቴዎቹ ጭንቅላት ደግሞ በስቱኮ አይደፈን። ሜትሩን ጠቅልሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ልትፈቱት ነው እንዴ የምታሠሩኝ?» አለኝ።