የቤት ማንቂያ ደወልና የክትትል አገልግሎት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለቤቱ ማንቂያ ደወል ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ስንት ሴንሰር አለው? ካሜራው ምን ያህል ጥራት አለው? በስልክ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል? ደወሉ ከጮኸ በኋላ መልእክቱ በየት በኩል አልፎ ለማን እንደሚደርስ፣ መልእክቱ የደረሰው ሰውስ ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ስለ ማንቂያ ደወል የሚናፈሱት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው፤ ዕቃው መልእክት አድራሽ መሆኑ ይዘነጋና ራሱ ጠባቂ ተደርጎ ይቆጠራል።

«ማንቂያ ደወል ያለበት ቤት አይሰበርም»

ማንቂያ ደወል ሰው መግባቱን ያውቃል፣ ያወቀውንም ያሳውቃል፤ በሩን ግን አይዝም። በሩን የሚይዘው ቁልፉ፣ መቀርቀሪያውና መቀርቀሪያው የሚገባበት ፍሬም ነው። በአንድ ርግጫ የሚከፈት በር ላይ ውድ ሴንሰር የገጠመ ሰው ያገኘው ነገር ቢኖር ስለ ስርቆቱ ቶሎ መስማት ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንሰው ሰው መጀመሪያ በሩንና የመስኮቱን መዝጊያ ቢያጠናክር፣ ከዚያ ወደ ደወሉ ቢሄድ ይሻለዋል።

ይህ ሲባል ደወሉ ሌባን አያሸሽም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሻርለት ካምፓስ ተመራማሪዎች ቤት ሰብሮ በመስረቅ የተፈረደባቸውን 422 ሰዎች ጠይቀው ነበር። 83 በመቶ ያህሉ ከመግባታቸው በፊት ቤቱ ደወል ያለው መሆኑን ለማወቅ እንደሚሞክሩ፣ 60 በመቶ ያህሉ ደግሞ ደወል መኖሩን ካወቁ ሌላ ቤት እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። መልሱ የተያዙ ሌቦች ቃል መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ቢሆንም የሚያመለክተው ነገር ግልጽ ነው፦ ደወሉ ብዙዎችን ያሸሻል፣ ሁሉንም ግን አያሸሽም። ላልሸሸው ሰው የሚያስፈልገው ጠንካራ በርና ፈጥኖ የሚደርስ ሰው ነው።

«ደወሉ እንደጮኸ ፖሊስ ይመጣል»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያመጣው አመለካከት ይህ ስለሆነ ሂደቱን ከመነሻው ማየት ይገባል። የኋላ በር ተከፈተ እንበል። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው የገባው የቤቱ ባለቤት ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ የይለፍ ቁጥር ይጠብቃል፤ የሐሰት ማንቂያን ለመቀነስ በአሜሪካ የወጣው የኢንዱስትሪው መስፈርት ይህን የመግቢያ ጊዜ ቢያንስ 30 ሰከንድ ያደርገዋል። ቁጥሩ ካልገባ ሳይረኑ ይጮኻል። ምልክቱ ግን ወዲያው ላይላክ ይችላል፤ ባለቤቱ ተሳስቶ ከሆነ እንዲያጠፋው ብዙ መቆጣጠሪያዎች ከ15 እስከ 45 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ወደ ክትትል ማዕከሉ፣ ማለትም ተረኛ ሠራተኞች (ኦፕሬተሮች) ከየቤቱ የሚመጣውን ምልክት ወደሚቀበሉበት ቢሮ፣ ይደርሳል። በኦፕሬተሩ ስክሪን ላይ የሚታየው የቤቱ መለያ ቁጥር፣ «ዞን 3፣ የኋላ በር» የሚል አንድ መስመርና የሚደወልላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ መጀመሪያው ስልክ ይደውላል፤ ካልተነሳ ወደ ሁለተኛው። ስልኩን ያነሳው ሰው የሚስጥር ቃሉን በትክክል ከተናገረ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ማንም ካላነሳ፣ ወይም ያነሳው ሰው ቃሉን ካላወቀው፣ ኦፕሬተሩ ለፖሊስ ወይም ለጥበቃ ድርጅት ያሳውቃል።

ፖሊስ ጥሪውን ከሰማ በኋላ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለፖሊስ ተቋማት ባሳተመው መመሪያ ላይ እንደተገለጸው ከቤትና ከሱቅ ማንቂያ ደወል ከሚመጡ ጥሪዎች ከ94 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑት የሐሰት ናቸው። ከመቶ ጥሪ ዘጠና አምስቱ ባዶ ሆኖ ያገኘ ፖሊስ ለመቶኛው እንደማይሮጥ መገመት አይከብድም። የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ የሰው ዓይን፣ ብዙውን ጊዜም የግል የጥበቃ ሠራተኛ፣ ካላረጋገጠው በቀር ለደወል ጥሪ ፖሊስ አልክም ብላለች። በእንግሊዝ ደግሞ የፖሊስ ምላሽ የሚያገኘው ዕውቅና ባለው ድርጅት ተገጥሞ በፖሊስ የተመዘገበ ሥርዓት ሲሆን፣ የሐሰት ጥሪው በዓመት ውስጥ ከተፈቀደው ሲያልፍ ምላሹ ይነሳበታል።

በመሆኑም ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ በአካባቢው ያለው ፖሊስ ለእንዲህ ዓይነት ጥሪ ምን ያደርጋል፣ ድርጅቱ የራሱን የጥበቃ ሠራተኛ ይልካል ወይ፣ ምልክቱ እውነት መሆኑ በካሜራ ወይም በሁለተኛ ሴንሰር የሚረጋገጥበት መንገድ አለ ወይ። ለሦስቱም ጥያቄ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሻጭ የሚሸጠው ሳይረን ብቻ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ኦፕሬተሩ ከሚጠይቀው የሚስጥር ቃል ሌላ ተገዶ ለሚናገር ሰው የሚሆን ሁለተኛ ቃል ወይም ቁጥር መኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅማል። ያ ቁጥር ሲገባ ደወሉ የጠፋ ይመስላል፤ ማዕከሉ ግን በስውር የአደጋ ጥሪ ይደርሰዋል። ብዙ ሥርዓቶች ይህ አላቸው፣ ብዙ ቤተሰቦች ግን ቁጥሩን አያውቁትም።

«ክትትል ማለት ቤቴን ሁልጊዜ የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው»

አይደለም። ማዕከሉ የሚከታተለው ምልክት ነው። ምልክት ከሌለ ማንም ቤቱን አያይም፤ የካሜራውን ምስልም ኦፕሬተሩ የሚከፍተው ውሉ ሲፈቅድና ማንቂያው ሲነሳ ብቻ ነው። ለግል ሕይወት ሲባልም እንዲህ መሆኑ ይበጃል።

«ካሜራ ካለኝ ደወል አያስፈልገኝም»

ካሜራ የሆነውን ይመዘግባል። በስልክ የሚልከው ማሳሰቢያ ዋጋ የሚኖረው ባለቤቱ ነቅቶ፣ ስልኩን ይዞና ኢንተርኔት ኖሮት ሲያየው ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ስለ ቅጠልና ስለ ጥላ የሚያሳውቅ ካሜራ ያለው ሰው በሳምንቱ ማሳሰቢያውን ያጠፋዋል። የቀረጻ ሣጥኑ እዚያው ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌባው ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ላይ ይዞት ይሄዳል። የካሜራ ትልቁ ጥቅም ከደወል ጋር ሲቀናጅ የሚገኝ ነው፦ ማንቂያው እውነት መሆኑን ኦፕሬተሩ በዓይኑ እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል።

«ሴንሰር በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይሻላል»

የሴንሰር ቁጥር ለዋጋ ዝርዝር ያመቻል፤ ጥበቃን የሚወስነው ግን የተቀመጡበት ቦታ ነው። ይህን ለመረዳት እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የበርና የመስኮት ሴንሰር ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ማግኔት ነው፣ ሌላው በማግኔቱ ጉልበት የሚዘጋ ቀጭን ማብሪያ ማጥፊያ። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቅና የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይለወጣል። ነገር ግን መስኮቱ ሳይከፈት መስታወቱ ተሰብሮ የሚገባበት ከሆነ ይህ ሴንሰር ምንም አያውቅም። ለዚያ የመስታወት መሰበርን የሚያዳምጥ ሴንሰር አለ፤ መጀመሪያ የምቱን ወፍራም ድምፅ፣ ቀጥሎ የስብርባሪውን ቀጭን ድምፅ በዚያው ቅደም ተከተል ሲሰማ ብቻ ያሳውቃል። ወፍራም መጋረጃ ድምፁን ስለሚውጠው በመጋረጃ የተሸፈነ መስኮት ላይ አቅሙ ይቀንሳል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ካሜራ አይደለም፤ ምንም ነገር አያይም። የሚለየው ከሰውነት የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ሙቀት ለውጥ ነው። ከፊቱ ያለው በመስመር በመስመር የተቀረጸ የፕላስቲክ ሌንስ ክፍሉን በብዙ ቀጭን ጨረሮች ይከፋፍለዋል፤ የሞቀ አካል ከአንዱ ጨረር ወደ ሌላው ሲያልፍ ሴንሰሩ ይነቃል። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ሰው ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈውን በተሻለ ያውቃል፤ ስለዚህ በሩ ትይዩ ከመስቀል ይልቅ ከበሩ ጎን ባለው ማዕዘን፣ ሁለት ሜትር ከፍታ አካባቢ መስቀሉ ይሻላል። ሁለተኛ፣ መስታወት ይህን ሙቀት ስለማያሳልፍ ሴንሰሩ በመስኮት አሻግሮ ግቢውን ሊጠብቅ አይችልም። ሦስተኛ፣ የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚያንስ ሰውን የመለየት አቅሙ ይደክማል፤ ጥሩዎቹ ይህን የሚያካክስ ማስተካከያ አላቸው። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት፣ ከማሞቂያና አየር ከሚነፍስበት ቦታ ማራቅም የሐሰት ማንቂያን በእጅጉ ይቀንሳል። «የቤት እንስሳ አይነካውም» የተባለውም ቢሆን ድመቷ ሶፋና መደርደሪያ ላይ ወጥታ ወደ ሴንሰሩ ከፍታ ስትቀርብ ይጮኻል።

በአጭሩ፣ ሰው የግድ የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ በትክክል የተሰቀለ አንድ ሴንሰር በየክፍሉ ከተበተኑ አምስት ሊበልጥ ይችላል።

«ገመድ አልባው በቀላሉ ይታፈናል፣ ገመድ ያለው ግን አስተማማኝ ነው»

የገመድ አልባ ምልክት በማፈኛ መሣሪያ ሊረበሽ መቻሉ እውነት ነው። ሆኖም የተሻሉት ሥርዓቶች ሴንሰሮቻቸው በየጊዜው «አለሁ» የሚል ምልክት እንዲልኩ ያደርጋሉ፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ወይም ሞገዱ ሲታፈን ያሳውቃሉ፤ ምልክቱንም በምስጠራ ይልካሉ። ርካሾቹ ይህ የላቸውም፤ ምልክታቸውም ተቀድቶ ተመልሶ ሊላክ ይችላል። ባለገመዱም ቢሆን ገመዱ ሲቆረጥ የሚያውቅ ዑደት ከሌለው አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ሥርዓቱ ሲነካካ ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

«ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ችግር የለም»

የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ቢከፍቱት ከታች ብዙውን ጊዜ የ12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ የሊድ አሲድ ባትሪ ያገኛሉ። የአውሮፓው መስፈርት ለመካከለኛው የቤት ደረጃ 12 ሰዓት የሚያቆይ መጠባበቂያ ይጠይቃል። ባትሪው ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው ቀን የቆየ ከሆነ የተባለውን ሰዓት አይጠብቁበት። ጎኑ ካበጠ ደግሞ ሳይዘገይ ይቀየር።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። መቆጣጠሪያው በባትሪ ቢሠራም መልእክቱ የሚወጣው በቤቱ ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ደወሉ ይጮኻል፤ ለማዕከሉ የሚደርስ ነገር ግን የለም። መፍትሔው ሁለተኛ መንገድ፣ በተለምዶ በሲም ካርድ የሚሠራ፣ መኖሩ ነው። የሲም ካርዱ ኔትወርክም ቢሆን ዕድሜ አለው፦ የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ በእሱ ብቻ ይገናኙ የነበሩ የማንቂያ ሥርዓቶች ካልተቀየሩ በቀር ከማዕከላቸው ተቆራርጠዋል። ዛሬ የሚገዛ ሰው በ2ጂ ወይም በ3ጂ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ቢያቀርቡለት አለመቀበል ነው የሚሻለው።

«ዕቃው ነፃ ነው፣ የምከፍለው ወርሃዊውን ብቻ»

ነፃ የተባለ ዕቃ ዋጋው በውሉ ዘመን ውስጥ ተበትኖ ይከፈላል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያስር ውል የተለመደ ሲሆን ቤት የቀየረ ወይም በአገልግሎቱ ያልረካ ሰው የቀረውን ወር ሁሉ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። በውሉ ላይ አራት ነገር ፈልጎ ማንበብ ይገባል፦ ውሉ በራሱ የሚታደስ መሆኑን፣ ድርጅቱ ክፍያውን በመካከል የመጨመር መብት ያለው መሆኑን፣ ዕቃው የማን ንብረት እንደሆነና የድርጅቱ ኃላፊነት እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደተገደበ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስገርማል፤ ማዕከሉ ጥሪውን ቸል ቢለው እንኳ የሚከፍለው ካሳ ከጠፋው ንብረት ጋር የማይወዳደር ትንሽ ገንዘብ ሆኖ ይጻፋል።

ዕቃው የገዢው ቢሆንም እንኳ ገጣሚው መቆጣጠሪያውን የሚያስተካክልበትን የሚስጥር ቁጥር ድርጅቱ ካልሰጠ ሌላ ድርጅት ሊረከበው ይቸገራል። ውሉ ሲያበቃ ቁጥሩ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ማስፈር በመጀመሪያው ቀን ቀላል፣ በመጨረሻው ቀን ግን ከባድ ነው።

«ደወል ካለኝ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል»

ኢንሹራንሱ ቅናሽ የሰጠው ደወል ስላለ ከሆነ፣ ስርቆቱ ሲፈጸም ደወሉ በርቶ መገኘቱን ቅድመ ሁኔታ ሊያደርግ ይችላል። ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ሳያበራው የሄደ ሰው ካሳ ሊከለከል ስለሚችል የፖሊሲውን ቃል ማየት ያስፈልጋል።

«አንዴ ከተገጠመ አለቀ»

ሴንሰር ይቆሽሻል፣ ባትሪ ይደክማል፣ የሚደወልላቸው ሰዎች ስልክ ይቀየራል። በወር አንድ ጊዜ በሩን ከፍቶ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ተራምዶ መሞከር ይገባል። ከመሞከሩ በፊት ወደ ክትትል ማዕከሉ ተደውሎ ሥርዓቱ «በሙከራ ላይ» እንዲደረግ ይጠየቃል፤ ሙከራው ሲያበቃም ኦፕሬተሩ የትኞቹ ዞኖች እንደደረሱት አንድ በአንድ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ከዚያ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ቤቱ ከሙከራ መውጣቱን ኦፕሬተሩ በቃሉ እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ፤ በሙከራ ላይ ተረስቶ ከቀረ ቤት የሚመጣን ምልክት ማዕከሉ እንደ ሙከራ ቆጥሮ ያልፈዋል።