የራስ ዜማ፦ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው በሚወደው ሙዚቃ ማረጋጋት

አመሻሽ ላይ እናት ብድግ ብለው በር ይነካካሉ። «ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» ይላሉ። ያሉት ቤታቸው ነው፤ ልጆቹም አድገው ወልደዋል። የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግመው ይጠቀልላሉ። ለማስረዳት ሲሞከር ይብስባቸዋል። የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ ያለበትን ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ሰዓት ያውቀዋል።

በተለምዶ «ጃጅተዋል» ብለን የምናልፈው ይህ ሕመም በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል። መቁነጥነጡም ሆነ ጩኸቱ እልህ አይደለም። ያመመውን ወይም ያስፈራውን በቃል መናገር ያቃተው ሰው በሰውነቱ እየተናገረ ነው። ብዙ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ማረጋጊያ መድኃኒት ነው። ሆኖም አንዳንዶቹ በእነዚህ አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ስለሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሊንዳ ገርድነር የተባለች አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ያነሳችው ሐሳብ ቀላል ነው። ሙዚቃው የሰውየው የራሱ ይሁን። በ2000 ባሳተመችው ጥናት 39 አረጋውያን ለ6 ሳምንት ይወዱት የነበረውን፣ ለሌላ 6 ሳምንት ደግሞ ለስለስ ያለ ክላሲካል ሙዚቃ ሰሙ። ይበልጥ ያረጋጋቸው የራሳቸው ነበር። በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳን ኮኸን «ሚውዚክ ኤንድ ሜሞሪ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ለአረጋውያን መኖሪያዎች ዘፈን የተጫነባቸው አይፖዶችን አዳረሰ። በ2013 ደግሞ ስኮትላንዳዊቷ ጋዜጠኛ ሳሊ ማግኑሰን እናቷን በዚሁ ሕመም ካስታመመች በኋላ «ፕሌይሊስት ፎር ላይፍ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች።

ትናንት የበላውን የረሳ ሰው የጉርምስና ዘፈኑን እስከ አዝማቹ የሚያዜመው ለምንድን ነው? ከ10 እስከ 30 ዓመታችን ያለው ዘመን ከሌላው የበለጠ ይታወሰናል። ላይፕዚግ ላይ የተሠራ የ2015 ጥናት ደግሞ የቆየ ዜማን የሚያስታውሱት የአንጎል ክፍሎች በአልዛይመር፣ ማለትም በዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት፣ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚጎዱ አሳይቷል።

ተአምር አይደለም። በ54 የአሜሪካ የአረጋውያን መኖሪያዎች የተደረገና በ2022 የታተመ ትልቅ ሙከራ፣ ሠራተኞቹ በመዘገቡት መረበሽ ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም። በእኔ እምነት ግን ሥራ የበዛበት ሠራተኛ የሚያስጀምረው ሙዚቃና አባቷን የምታውቅ ልጅ የመረጠችው አንድ አይደሉም።

ከባዱ ሥራ ያንን ዜማ ማግኘቱ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ አካባቢ አረጋውያን መኖሪያ ለገቡ የእኛ እናቶች ይህ ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። አስታማሚዋ የምታውቀው የድሮ የአሜሪካ ዘፈን ለእሳቸው ባዶ ድምፅ ነው። «የአማርኛ ሙዚቃ» ብሎ መክፈትም አይበቃም። ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ላሳለፉ እናት ዘፈን ራሱ ሊያስቆጣቸው ይችላል፤ የእሳቸው በገና ወይም መዝሙር ነው። የሌላዋ መንዙማ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ልጅ ለተገደለባቸው ሰው የዚያ ዘመን ማርሽ ቁስል ነው። ትዝታ ደግሞ ያስለቅሳል። እንባ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ግን አጠገብ ቁጭ ብሎ ፊታቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ እህቶችን፣ የድሮ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። ሰርጋቸው ላይ ምን ተዘፈነ? እንጀራ ሲጋግሩ ምን ያንጎራጉሩ ነበር? ከዚያ ሰዓቱን ማጥናት ነው። ገርድነር የምትመክረው መረበሹ ከሚብስበት ሰዓት 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ መክፈት ነው። እናት በር የሚነካኩት 11 ሰዓት ላይ ከሆነ ዜማው 10፡30 ላይ ይጀምር። ድምፁ ዝቅ ይበል፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው ከነቀሉ ወይም ፊታቸው ከጠቆረ ወዲያው ማቆም። እግራቸው ምት ከያዘ፣ ጥለቱን የሚጠቀልለው እጅ ከዘገየ፣ የተገኘው የእሳቸው ነው።