የሪሞት ጭነት መኪና የመሪ ሰርቮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰርቮ በሪሞት የምትነዳውን ትንሽ መኪና የፊት ጎማ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ነው። ጎንደር ላይ ሰርቮ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከአዲስ አበባ ያስልካል፣ ወይ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ይላል። አንዴ ከመጣ በኋላ መልሶ መቀየር ስለማይታሰብ፣ ስህተቱ ከመግዛት በፊት ቢታረም ይሻላል።

«ኪሎው በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ካርቶኑ ላይ ያለው «25 ኪሎ» ከሰርቮው ዘንግ መሃል 1 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ የሚለካ ጉልበት ነው። ዘንጉ ላይ የሚገጠመውና መሪውን የሚገፋው ክንድ 2.5 ሳንቲሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ የሚቀረው 10 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሻጭ የሚጽፈው ሰርቮው በሚችለው ከፍተኛ ቮልት የተገኘውን ቁጥር ነው፤ በ7.4 ቮልት 25 የተባለው በ5 ቮልት ሲሠራ ወደ 17 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የሰርቮው ካርቶን ሳይሆን የስፒድ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ መኪናዋ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ጀርባ ነው። ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ክፍል) ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚሰጥ እዚያ ተጽፏል።

ሁለት ኪሎ ገደማ ለምትመዝን 1/10 መኪና (የእውነተኛዋ አንድ አስረኛ ለሆነች) ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃል። ሰፊና ለስላሳ ጎማ አድርጋ ድንጋይ ለምትወጣ ከ20 እስከ 25 ይፈለጋል። ለ1/16 ትንንሾቹ ደግሞ ትልቁ ሰርቮ ቦታውም አይበቃው።

«መሪ ሲዞር መኪናዋ ከጠፋች ሰርቮው ተበላሽቷል»

ብዙ ደህና ሰርቮ የሚጣለው በዚህ ነው። ነገሩ እንዲህ ይታያል፦ መኪናዋ ኮብልስቶን ላይ ቆማለች፣ የፊት ጎማዋ በሁለት ድንጋዮች መሃል ተሰክቷል። መሪ ስትሰጧት ሰርቮው እዝዝ ይላል፣ የሪሲቨሩ መብራት ድርግም ይላል፣ ሁሉም ነገር ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የደከመው ሰርቮው ሳይሆን ኃይል ሰጪው ነው። ባለ 20 ኪሎ ሰርቮ ታግዶ ሲገፋ 2 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ርካሽ ስፒድ ኮንትሮለር ይህን ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርድና ሪሲቨሩ ይጠፋል።

መፍትሔው ዩቤክ የሚባለው የተለየ ቮልት መቀነሻ ነው፤ 6 ቮልት፣ 5 አምፔር ይበቃል። ከመኪናዋ ባትሪ ይገባል፣ በሪሲቨሩ የባትሪ ቀዳዳ ይወጣል። ሪሲቨሩ 6 ቮልት እንደሚችል ከጽሑፉ አረጋግጡ። ከስፒድ ኮንትሮለሩ ወደ ሪሲቨሩ ከሚሄደው ገመድ ቀዩን ብቻ ነቅላችሁ በቴፕ ጠቅልሉት። የመሰኪያውን ፕላስቲክ ምላስ በመርፌ ቀና ስታደርጉት ሽቦው ይወጣል። ጥቁሩን ወይም ቡናማውን ግን እንዳትነኩ፤ ኔጌቲቩ የጋራ ካልሆነ ሲግናሉ አይሠራም።

ይህን ሁሉ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ክንዱን ከመሪው ዘንግ ፍቱና ጎማዎቹን በሁለት ጣት አዙሩ። ከከበደ ጥፋቱ ያለው ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ወይም አቧራ የበላው ኩሽኔታ ላይ ነው፤ 40 ኪሎ ሰርቮ ብትገዙም አያድነውም።

«ሜታል ጊር አይሰበርም»

ይሰበራል። ርካሾቹ ሜታል ጊር (የብረት ጥርስ) ሰርቮዎች ውስጥ መሃል ያለው ጥርስ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ይላጫል። ባይላጭ ደግሞ ምቱ ወደ መሪው ዘንግና ወደ ጎማው መያዣ ይተላለፋል። ፈጣን መኪና ላይ ምቱን በስፕሪንግ የሚውጥ ሰርቮ ሴቨር አድርጉ። ስፕሪንጉ ከላላ ግን ክንዱ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም፣ ሰውም ሰርቮው ደካማ ነው ይላል።

በማግኔት መፈተን አያስተማምንም፤ ነሐስና አሉሚኒየም በማግኔት አይያዙም። ክብደቱ የተሻለ ይናገራል። በየስሙ የሚሸጠው ኤምጂ996አር የተባለው ሰርቮ 55 ግራም አካባቢ ነው፤ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት በጣም ከቀለለ ተጠራጠሩ።

«ዲጂታል ካልሆነ አትግዙ»

ዲጂታሉ ቦታውን አጥብቆ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ቆሞም ያዜማል። ቀስ ብላ ለምትሄድ የጭነት መኪና አናሎጉ አያሳፍርም።

«270 ዲግሪ የሚዞረው ይበልጣል»

መሪ ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለ 270 ዲግሪው በዚያው ሲግናል ብዙ ስለሚዞር መሪው በለስላሳ ሳይሆን እየዘለለ ይዞራል። እሱ የሮቦት እጅ ለሚሠሩ ነው። እናንተ 180 የተባለውን እዘዙ፤ አንዳንድ ሞዴል በሁለቱም ስለሚሸጥ ስታዙ ለዩ።

«ዋተርፕሩፍ ከተባለ ክረምቱን ይችላል»

ርካሹ ላይ ይህ ቃል የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው፤ ጎርፍ ውስጥ መንዳትን አይጨምርም። ውሃ የሚገባው በዘንጉ ዙሪያና ሽቦው በሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡ።

«ክንድ ሁሉ ለሁሉ ይገጥማል»

የዘንጉ ጥርስ ቁጥር 23፣ 24 ወይም 25 ሊሆን ይችላል። ብዙው ርካሽ ሰርቮ ባለ 25 ነው። የ24ቱን ክንድ በግድ ብትጭኑት ይገባ ይሆናል፣ ግን ጥርሱን ይበላዋል።

ክንዱን ከመግጠማችሁ በፊት ሪሞቱን አብሩ፣ ትሪሙን (ሪሞቱ ላይ ያለውን የመሃል ማስተካከያ) ዜሮ አድርጉ፣ ሰርቮው ራሱ መሃል ይቁም። ከዚያ ክንዱን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ባለ 25 ላይ አንድ ጥርስ 14.4 ዲግሪ ስለሆነ የቀረችውን ትንሽ መዛባት በትሪም ታስተካክላላችሁ። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩት፤ ጎማው ቆሞ ሰርቮው እዝዝ ካለ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የሪሞቱን የመሪ መጠን ቀንሱ።