የእርግብ ጫጩትን በእጅ ማሳደግ

በፒያሳና በአራት ኪሎ አሮጌ ፎቆች፣ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በቆርቆሮ ክዳን ሥር እርግቦች ጎጆ ይሠራሉ። ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት እርግብ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የለችም። ቤት ሲፈርስ ወይም የክረምት ዝናብ ሲጠና ጫጩት መሬት ይወድቃል።

እርግብ አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ 18 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ። የሚፈለፈለው ጫጩት ዓይኑ አልተገለጠም፤ ገላው ላይ ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል። እንደ ዶሮ ጫጩት ወዲያው ተነስቶ አይጭርም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያድገው በወተት ነው። አዎ፣ በወተት! ከወላጆቹ አንገት ሥር ካለው የምግብ ከረጢት የሚወጣ፣ አይብ የመሰለ፣ ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ምግብ ነው። አባትየውም ያመነጫል። የላም ወተት ግን አይተካውም፤ የወፍ ሆድ አይፈጨውም። ብዙ ሰው አዝኖ ወተትና ዳቦ ይሰጣል። እባካችሁ ተዉት።

ጎጆው ቅርብ ከሆነ ጫጩቱን መልሱት። ሰው ነካው ብለው ወላጆቹ አይጥሉትም። ካልተቻለ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ምግብ። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ላባ ላላወጣ ጫጩት አይቻልም። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። የቀዘቀዘ ጫጩት የበላውን መፍጨት ያቅተዋል።

አጎራረሱ ከእኛ ጉርሻ የተገላቢጦሽ ነው። ጫጩቱ አፉን ከፍቶ አይጠብቅም፤ ምንቃሩን እናቱ አፍ ውስጥ ከትቶ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ላለፈው ጫጩት አተር ተቀቅሎ ይለሰልሳል፣ ለብ ይላል፣ ጥጉ በተቆረጠ ትንሽ ፌስታል ይያዝለታል። ምንቃሩን በቀዳዳው ሲያስገቡለት ክንፉን እያርገፈገፈ ይለቅማል። ያን ያየ ሰው ድካሙን ይረሳል። ውሃ ጉሮሮው ውስጥ ማንቆርቆር ግን አደገኛ ነው፤ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከመብላቱ በፊት አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳሰስ አድርጉ። የፊተኛው ምግብ ካልወረደ አትጨምሩ።

አንድ ወር ሲሞላው በቆሎና ምስር ራሱ መልቀም ይጀምራል። ያኔ ጠለቅ ያለ የውሃ ሳህን ያስፈልገዋል። እርግብ እንደ ዶሮ ቀና እያለ አይጠጣም፤ ምንቃሩን ነክሮ ውሃውን ይመጥጣል።