ለጋ የቡርጎኝ ቀይ ወይን ከቤት ሪዞቶ ጋር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቀለሙ የሳሳ ወይን ደካማ ነው።»

በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ጥሩ ጠርሙስ ሳይቀመስ ይናቃል። ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከጭማቂው ሳይሆን ከፍሬው ቆዳ ነው። የምሥራቅ ፈረንሳይ ግዛት የሆነችው የቡርጎኝ ቀይ ወይን ከሞላ ጎደል የሚጠመቅበት ፒኖ ኗር የተባለው የወይን ዘር ደግሞ ቆዳው ስስ ነው። ስለዚህ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ከበስተኋላው የያዛችሁትን ጣት ብታዩ አትደነቁ። ወይኑን በአፍንጫችሁ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት፤ ቼሪና እንጆሪ፣ አንዳንዴም ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ በ1395 እ.ኤ.አ. ብዙ ምርት የሚሰጠው ጋሜ የተባለ ወይን ከግዛታቸው እንዲነቀል ያዘዙት ለዚሁ ለፒኖ ኗር ክብር ሲሉ ነበር።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል።»

ምክሩ የመጣው የአውሮፓ ቤቶች በሙቀት መስጫ ከመሞቃቸው በፊት፣ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን ነው። ለጋ ቡርጎኝ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው። ሲሞቅ የአልኮሉ ሽታ ቀድሞ አፍንጫ ይይዛል፣ ፍሬው ይጠፋል።

«ቡርጎኝ ሳያረጅ አይከፈትም።»

ይህ ለታላላቆቹ ይሠራል። ግራን ክሩ የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ የያዙት 33 ስያሜዎች ናቸው፤ እነሱን መጠበቅ ተገቢ ነው። ስሙ ላይ «ቡርጎኝ» ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ግን ውበቱ ልጅነቱ ነው።

«ከሩዝ ጋር የሚሄደው ነጭ ወይን ብቻ ነው።»

በሰሜን ጣሊያን ፒየሞንቴ ሪዞቶ፣ ማለትም መረቅ እየተጨመረበት የሚሠራው የጣሊያኖች የሩዝ ምግብ፣ የሚበስለው በባሮሎ፣ ማለትም በቀይ ወይን ጭምር ነው። መታየት ያለበት ሩዙ ሳይሆን ከሩዙ ጋር የገባው ነው። የባሕር ምግብ ወይም ሎሚ ከገባበት ነጩን ምረጡ። እንጉዳይ ከገባበት ግን እኔ ያለ ማመንታት ለጋ ቡርጎኝ እከፍታለሁ። የእንጉዳዩ የጫካ መዓዛ ከወይኑ የአፈር ሽታ ጋር ወንድማማች ነው። ድድና ምላስን የሚያደርቀው ታኒን በዚህ ወይን ለስላሳ ሲሆን፣ ጎምዘዝ ማለቱ ደግሞ የቅቤውንና የአይቡን ቅባት ከአፍ ያጸዳል። አንድ ማንኪያ ሪዞቶ ጎርሳችሁ ከዋጣችሁ በኋላ ትንሽ ተጎንጩ፤ ብቻውን ሲቀመስ ጠንከር ያለው ጎምዛዛነት ወደ ቼሪ ጣዕም ሲለወጥ ታገኙታላችሁ።

«ሩዙ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፤ ክሬም ካልገባበትም አይወፍርም።»

በየቤቱ ሪዞቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አርቦሪዮና ካርናሮሊ የሚባሉት የሩዝ ዓይነቶች የሚመረጡት በስታርች ስለሚበለጽጉ ነው። ያንን ነጭ ውሃ የደፋ ሰው የሪዞቶውን ልስላሴ አብሮ ደፍቶታል። ሩዙን ሳታጥቡ፣ በቅቤ በተቁላላ ደቃቅ ሽንኩርት ላይ ጨምሩና ጠርዙ ብርሃን እስኪያስተላልፍ ድረስ አገላብጡት። ከዚያ ትኩስ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ ጨምሩበት። መረቁ ከቀዘቀዘ ብስለቱን ያቋርጠዋል። ያለማቋረጥ ማማሰልም ግዴታ አይደለም፤ ሩዙ ድስቱን እንዳይዝ በየጊዜው ማማሰል ይበቃል። ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቅመሱ፤ እምብርቱ ጥርስ ላይ በትንሹ ጠንከር ማለት አለበት። ድስቱን ከእሳት አውጡና ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤና የተፈገፈገ ፓርሚጃኖ የተባለ ጠንካራ የጣሊያን አይብ ጨምራችሁ በኃይል አማስሉ። ክሬም የሚሆነው ይኸው ነው። በቅመም የተነጠረ የሀገር ቤት ቅቤ ግን እዚህ አይግባ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የወይኑን ስስ መዓዛ ይውጠዋል።

ሳህኑን አዘንብላችሁ ስታወዛውዙት ሪዞቶው በዝግታ ከዳር ዳር መፍሰስ አለበት፤ ጣሊያኖች «አሎንዳ»፣ እንደ ማዕበል፣ ይሉታል። እንደ ገንፎ ቆሞ ከቀረ አንድ ጭልፋ መረቅ ጨምሩበትና ወዲያው አቅርቡት፤ ወይኑ በዚያ ሰዓት ተቀድቶ ይጠብቅ።